ጥንታዊው ቲቤትኛ በራሱ አንደበት ይነበብ

«የመጻሕፍቱን ቲቤትኛ ጠንቅቆ ያወቀ ሰው ጥንታዊውን ለብቻው መማር አያሻውም» የሚለው አስተሳሰብ ቲቤትኛ በሚጠናባቸው ቦታዎች ሥር ሰዷል። በዚህ ቃል ደፍሮ የሚናገረው ላይኖር ይችላል፤ የትምህርቱ ቅደም ተከተል፣ መዝገበ ቃላቱና የአነባበብ ልማዱ ግን ይህንኑ ያስተምራሉ። ተማሪው የቡድሃ እምነት ቅዱሳት መጻሕፍት የቆዩበትን ቋንቋ ለዓመታት ያጠናል። ከዚያም ከ7ኛው መቶ ዘመን አጋማሽ እስከ 11ኛው መባቻ የተጻፈ ሰነድ ሲያጋጥመው ያንኑ ሰዋስውና ያንኑ መዝገበ ቃላት ይዞ ይገባበታል። ያልገባውን ቃል «ያረጀ» ይለዋል፤ ያልለመደውን አጻጻፍ «የጸሐፊ ስሕተት» ብሎ ያርመዋል። ጉዳዩ የጥቂት ሊቃውንት የፊደል ክርክር ይመስላል፤ ነገር ግን ከመካከለኛው እስያ ታላላቅ መንግሥታት አንዱ ስለ ራሱ በራሱ እጅ የጻፈውን፣ ከመቶ ዓመታት በኋላ በተነሡ መነኮሳት አፍ እንዲናገር የምናስገድደው በዚህ ልማድ ነው።

ተቃራኒውን ወገን በሚገባ ማድመጥ ተገቢ ነው፤ ክርክሩ ባዶ አይደለምና። አንደኛ፣ ፊደሉ ያው ነው ይላሉ፤ 30 ተነባቢዎችና አራት የአናባቢ ምልክቶች። አብዛኞቹ የሰዋስው ቅጥያዎችም ያው ናቸው። በ12ኛው መቶ ዘመን መጻሕፍት የሠለጠነ አንባቢ በ9ኛው መቶ ዘመን የድንጋይ ሐውልት ፊት ቆሞ ጭብጡን ሊይዝ ይችላል። ይህ እውነት ነው፤ በወረቀት ላይ የዚህን ያህል ጊዜ ጸንቶ የቆየ ቋንቋ ብዙ የለም። ሁለተኛ፣ የሀገሩ ትውፊት ንጉሥ ሶንግጸን ጋምፖ ቶንሚ ሳምቦታ የተባለውን ሚኒስትር ወደ ሕንድ እንደላከው፣ እርሱም ፊደል ቀርጾና ሰዋስው ጽፎ እንደተመለሰ ይተርካል፤ ፊደሉ ለቅዱስ ቃል ከተወለደ ቁልፉም ቅዱስ ቃሉ ነው። ሦስተኛ፣ የቀደሙት ሰነዶች የተቆራረጡ፣ አብዛኞቹም ከላሳ እጅግ ርቆ ካለው ከዱንኋንግ የተገኙ፣ ብዙዎቹም በቻይናውያን ጸሐፊዎች እጅ የተጻፉ ናቸው፤ ስለዚህ አጻጻፋቸው ቢዛባ አይገርምም። አራተኛና ከሁሉ የሚከብደው፣ ከሳንስክሪት ለሚተረጉሙ የተዘጋጀው ማሃቭዩትፓቲ የተባለው የቃላት መዝገብ ራሱ የ9ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ሥራ ነው፤ 9,500 ያህል ቃላት ይዟል። በዘመኑ ከተሠራ መዝገብ የተሻለ ምስክር ከየት ይምጣ?

ከውልደቱ ታሪክ እንጀምር። ግማሹ ፓሪስ ግማሹ ለንደን በሚገኝ የወረቀት ጥቅል ላይ የቲቤት መንግሥት በየዓመቱ የመዘገበው ታሪከ ዘመን አለ። እ.ኤ.አ. በ655 ግቤቱ (ከዚህ በታችም ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ከምጋር ወገን የሆነው ዋና ሚኒስትር ቶንግጸን የሕጉን ጽሑፍ እንደጻፈ ይነግረናል። በዚህ ዓመታዊ መዝገብ ውስጥ ስለ መጻፍ የሚናገረው የመጀመሪያው ቃል ይህ ነው፤ የሚናገረውም ስለ ሕግ ነው። ወረድ ሲሉ ቆጠራ፣ ግብር፣ የሠራዊት ምዝገባ ይከታተላሉ፤ በ744 ግቤት ላይ ደግሞ ቀዩ የእንጨት መቁጠሪያ ወደ ቢጫ ወረቀት መዛወሩ ተጽፏል። ፊደሉ ምን ሥራ ላይ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ምን ይናገራል? ቶንሚ ሳምቦታ ፊደል ቀረጸ የሚል የዚያ ዘመን ሰነድ ግን አንድም የለም፤ ታሪኩ የሚገኘው ዘግይተው በተጻፉ መጻሕፍት ነው። የሳምዬ ገዳም የታነጸውና ንጉሥ ትሪ ሶንግዴጸን የቡድሃን እምነት የመንግሥት እምነት ያደረገው በ770ዎቹ ነው። ከ655 እስከዚያ ከ100 ዓመት በላይ አለ። ያ ሁሉ ዘመን ቲቤትኛ የሕግ፣ የሒሳብና የዘመቻ ጽሑፍ ቋንቋ ሆኖ ኖሯል። ትውፊቱ ኋለኞቹ ምእመናን ስለ ቋንቋቸው ምን እንዳመኑ ስለሚነግረን ክብር ይገባዋል። ሚኒስትሩ ሕግ ሲጽፍ ግን ምስክሩ እርሱ ራሱ ነው።

አሁን «ስሕተት» ወደተባለው አጻጻፍ እንምጣ፤ ክርክሩ የሚበጠሰው እዚህ ላይ ነውና። በመጻሕፍቱ ቲቤትኛ «ሰው» ሚ ነው፤ «የለም» ሜድ፤ «ዓይን» ሚግ። በጥንታዊዎቹ ሰነዶች እነዚሁ ቃላት ምዪ፣ ምዬድ፣ ምዪግ ተብለው ይጻፋሉ፤ ከም ቀጥሎ አንዲት የይ ምልክት ትገባለች። እንደ ልማዱ የሚያነብ ሰው ትርፏን ፊደል ሰርዞ ያልፋል። ቆም ብሎ የተመለከተ ግን ምልክቷ የት የት እንደምትገባ ያያል፦ ከኢ እና ከኤ በፊት በወጥነት ትጻፋለች፤ «እናት» የሚለው ማ ግን ማ ብቻ ነው። ስሕተት አናባቢ መርጦ ይሳሳታል ወይ? ሰካራም ጸሐፊም ሆነ ባዕድ ጸሐፊ በሺህ መስመር ውስጥ አንድ ዓይነት ቦታ ላይ ብቻ አይስትም። ይህ የድምፅ ሕግ ነው፤ በዚያ ዘመን ተናጋሪ አፍ ውስጥ የነበረ፣ በኋላ የጠፋ። በግዕዝ ሰረቀ እና ሠረቀ፣ አንዱ የሌባው ሌላው የፀሐይዋ መሆኑን የሚያውቅ አማርኛ አንባቢ ነገሩ አይጠፋውም። ዛሬ በአፋችን ስላልተለየ ሁለተኛውን ሠ ትርፍ ነው ብሎ ከድንጋይ ጽሑፍ ላይ የሚሰርዝ ሰው፣ የሰረዘው ፊደል ሳይሆን ማስረጃ ነው።

የበለጠ የሚያስተምረው ደግሞ ዳድራግ የሚባለው ነገር ነው። የመጻሕፍቱን ቋንቋ የሚማር ሰው ዓረፍተ ነገር የሚዘጋው ቅጥያ የግሡን የመጨረሻ ድምፅ እንደሚደግም ይነገረዋል፤ በር ለሚያልቅ ሮ፣ በን ለሚያልቅ ኖ። ከዚያ «ሆነ» የሚለው ግዩር ሲመጣ ሮ ይቀርና ቶ ይሆናል። ለምን? ተማሪው እንደ ልዩ ሁኔታ በቃሉ ይይዘዋል። ጥንታዊውን ሰነድ የከፈተ ሰው ግን መልሱን በዓይኑ ያየዋል፤ በዚያ ቃሉ ግዩርድ ተብሎ ተጽፏል። በር፣ በል ወይም በን ላይ የምትደረብ አንዲት ድ ነበረች፤ ድምፇ ሲጠፋ ከወረቀትም ወረደች፤ ጥላዋ ግን በቅጥያው ላይ ቀረ። የቲቤት ሰዋስው ሊቃውንት የዚህችን ድ ስም ጠብቀው ማቆየታቸው የሚያስመሰግናቸው ነው። ነገር ግን የኋለኛው ቋንቋ ሊያስረዳው ያልቻለውን ነገር የቀደመው በቀላሉ ካስረዳው፣ የትኛው ነው ለየትኛው ቁልፍ የሚሆነው? ከግንዱ ወደ ቅርንጫፉ መውጣት ሲቻል ከቅርንጫፉ ወደ ግንዱ መውረድ ምን ይሉታል?

አጻጻፉ ከአንደበት የተቀዳ መሆኑን የሚያረጋግጥ የውጭ ምስክርም አለ። በ821 እና 822 ቲቤትና የቻይናው ታንግ መንግሥት የተስማሙበት የሰላም ውል ላሳ በጆካንግ ቤተ መቅደስ ፊት በቆመ ሐውልት ላይ በሁለት ቋንቋ ተቀርጿል። የጊዜው የቲቤት ገዢ ስም በቲቤትኛ ኽሪ ግጹግ ብሎ ይጀምራል፤ ዛሬ በላሳ አፍ ትሪ ጹክ ይባላል፤ የተደራረቡት ተነባቢዎች ከድምፅ ወጥተው በጽሑፍ ብቻ ቀርተዋል። ቻይናውያኑ ግን ይህንኑ ስም ኬሊኬዙ ብለው መዝግበውታል። ልብ በሉ፤ ለኽሪ ሁለት ፊደል፣ ለግጹግም ሁለት ፊደል አውጥተዋል። የሰሙትን ነው የጻፉት፤ ከመጀመሪያው ያለችው ግ በዚያን ጊዜ ትሰማ ነበር። ስለዚህ በጥንታዊ ሰነድ ላይ አንዲት ፊደል ስትጨመር ወይም ስትጎድል፣ የምትነግረን ስለ ሰዎቹ ንግግር ነው። ይህን «አርሞ» የሚያትም ሰው የዘመኑን አንደበት ይዘጋዋል።

ከፊደል ወደ ቃል ስንሻገር ጉዳቱ ይከፋል። ያው ሐውልት የቲቤትን ገዢ በማዕርግ ስሙ ሲጠራው ፍሩል የሚል ቃል ይጠቀማል። ፍሩል በኋለኛው መዝገበ ቃላት ምትሃት፣ የዓይን ማታለል፣ ተአምራዊ መለወጥ ነው። በዚህ ትርጉም ከተነበበ ገዢው «ምትሃተኛው አምላክ» ሆኖ ይቀርባል፤ ከዚያም ስለ ቲቤት ነገሥታት አስማተኛነት ገጾች ይጻፋሉ። የሐውልቱ ቻይንኛ ገጽ ግን በዚሁ ቦታ ሸንግ ይላል፤ ቻይናውያን ለጠቢቡና ለቅዱሱ፣ ለገዛ ንጉሠ ነገሥታቸውም የሚሰጡት ቃል ነው። ሁለቱ መንግሥታት በመሐላ ያጸደቁት ጽሑፍ ላይ ሁለቱ ቃላት ፊት ለፊት ቆመዋል። ታዲያ ከዚህ ሐውልት ይልቅ መቶ ዓመታት ዘግይቶ የመጣን መዝገብ የምናምነው በምን ሕግ ነው?

ቾስም እንዲሁ ነው። በኋላ የቡድሃ ትምህርት መጠሪያ የሆነው ይህ ቃል፣ በቀደሙት ሰነዶች ልማድ፣ ወግ፣ ሥርዓት ማለት ሆኖ ይገኛል፤ ቃሉን ባየ ቁጥር «ሃይማኖት» ብሎ የሚተረጉም ሰው ባልነበረበት ቦታ ሁሉ ሃይማኖት ይተክላል። ቻብ ስሪድ በዛሬ ቲቤትኛ ፖለቲካ ነው፤ በታሪከ ዘመኑ ግን ገዢው ወደ ቻብ ስሪድ «ይሄዳል»፤ ሠራዊት ይዞ የሚወጣበት ዘመቻ ነው። ስለ ግጹግ ላግ የተደረገው ክርክር ደግሞ ለሁላችንም ትምህርት ሊሆን ይገባል። በኋለኛው ቋንቋ ቃሉ የጥበብና የቅዱሳት መጻሕፍት ስም ነው። አሪያን ማክዶናልድ በ1971 ባወጡት ረጅም ጥናት ከቡድሃ እምነት በፊት የነበረው የነገሥታቱ ሃይማኖት ስም በዚህ ቃል ውስጥ አለ አሉ። ሮልፍ ስታይን በ1985 ቃሉን በተገኘበት ቦታ ሁሉ፣ ከቻይንኛ በተተረጎሙ ጽሑፎችም ሳይቀር እየተከተሉ አይደለም አሉ፤ ጥበብ፣ የማስተዳደር ብልሃት ነው። የአንድ ሕዝብ ጥንታዊ ሃይማኖት መኖር አለመኖሩ በአንድ ቃል ትርጉም ላይ ተንጠለጠለ፤ ሚዛኑን የደፋውም ቃሉን በዘመኑ ሰነዶች ውስጥ አንድ በአንድ መልቀም ነበር።

«መዝገበ ቃላቱስ ምን ያንሰዋል?» ለሚል አንድ ሐቅ ይበቃል። ዛሬም ከብዙ ተማሪዎች እጅ የማይወጣው የየሽኬ መዝገበ ቃላት የታተመው በ1881 ነው፤ የሳራት ቻንድራ ዳስ ደግሞ በ1902። የዱንኋንግን የታሸገ የዋሻ ክፍል ዋንግ ዩዋንሉ የተባለው መነኩሴ ያገኘው በ1900 ሲሆን፣ ኦሬል ስታይን በ1907፣ ፖል ፔሊዮ በ1908 ደርሰው ነው ጥቅሎቹን ወደ ለንደንና ወደ ፓሪስ ያጓጓዙት። ሁለቱም መዝገቦች የተዘጋጁት ከዚያ ዋሻ የወጣ አንድም ገጽ በአዘጋጆቻቸው እጅ ሳይገባ ነው። ያላዩትን ሊተረጉሙ አይችሉም፤ በዚህ የሚወቀሱ እነርሱ አይደሉም። የሚወቀሰው ከመቶ ዓመት በኋላም ያላዩትን እንዲመሰክሩ የሚጠራቸው ነው።

የማሃቭዩትፓቲ ጥያቄ ከሁሉ ጠንካራው ነውና ሙሉ መልስ ይገባዋል። አዎን፣ የዘመኑ ሥራ ነው። ግን ለምን ተሠራ? በ814 ትሪ ዴሶንግጸን ያወጣው ድንጋጌ ይህን ይመልሳል፦ የቀደሙት ትርጉሞች ወጥ ስላልነበሩ ለእያንዳንዱ የሳንስክሪት ቃል አንድ ቲቤትኛ ቃል በአዋጅ ይወሰን ተባለ። የተወሰነው ለተርጓሚዎች ነው። አንድ ቃል በአዋጅ የሳንስክሪት ምትክ ሆኖ ሲሾም፣ ገበሬው በገበያ፣ ወታደሩ በምሽግ የሚናገረው ትርጉም በዚያ ቀን አይለወጥም። አዋጁ ማስፈለጉ ራሱ ከእርሱ በፊት ሌላ አነጋገር እንደነበረ ያረጋግጣል። ያን አነጋገር ማየት የሚሻ በ1995 ጹጉሂቶ ታኬኡቺ አሰባስበው ያሳተሟቸውን የጥንታዊ ቲቤትኛ ውሎች ይክፈት። በሬ ይሸጣል፤ እህል በብድር ይሰጣል፤ ሰው ለጉልበት ሥራ ይቀጠራል። ቀኑ ካለፈ ዕዳው አንዱ ሁለት ይሆናል፤ አበዳሪው የቤት ዕቃ የመያዝ መብት አለው፤ ምስክሮች ማኅተማቸውን ያኖራሉ። ዕዳው እጥፍ ሲሆን ውሉ የሚጠቀምበት ግሥ ብስግዩር ነው፤ ያው የመጻሕፍቱ ሰው «ተረጎመ» ብሎ የሚያውቀው ግሥ። አንዱ ወደ ሁለት ይገለበጣል። ቃሉን ከገዳም ብቻ የተማረ ሰው የብድር ወረቀት ላይ ሲያገኘው ይደናገራል፤ ከብድር ወረቀቱ የጀመረ ግን ተርጓሚዎቹ የትኛውን የዕለት ተዕለት ቃል ለሥራቸው እንደመረጡ ይገባዋል። ከሳንስክሪት ያልተገለበጠ፣ ቲቤታዊ ለቲቤታዊ የጻፈው የዓረፍተ ነገር አገባብም የሚገኘው በእነዚህ ውሎችና እንደነሱ ባሉ ሰነዶች ነው።

የጠረፉ ክርክር ረጅም መልስ አያሻውም። ምዪም ሆነ ግዩርድ፣ በጥንታዊው አጻጻፍ የምትታየው የተገለበጠች የኢ ምልክትም ጭምር፣ በዱንኋንግ ወረቀት ላይ ብቻ አልቀሩም፤ በላሳ እምብርት በቆሙት የመንግሥት ሐውልቶች ላይም አሉ። 764 ገደማ የተቀረጸው የዦል ሐውልት በጠረፍ ያለ ቻይናዊ ጸሐፊ ሥራ ነው የሚል ማንም የለም። ሰነዱ ጥቂት ነው ለሚሉም፣ ከዋሻው የወጡት ጥቅሎችና ከሚራንና ከማዛር ታግ ምሽጎች የተለቀሙት የእንጨት ጽላቶች በሺዎች ይቆጠራሉ። ብዙው ጥቅል ለነገሥታት ምርቃት በተደጋጋሚ የተገለበጠ ቅዱስ መጽሐፍ መሆኑ እውነት ነው፤ እርሱን ወደ ጎን ብናኖረው እንኳ የሚቀረው ለሰዋስውም ለመዝገበ ቃላትም ይበቃል።

አንድ ተቃውሞ ይቀራል፤ በትሕትና ሊመለስም ይገባል። ይህ ሁሉ የባዕድ ሊቃውንት ንቀት ነው፣ ሀገሬው የራሱን ቋንቋ አያውቅም ማለት ነው የሚሉ አሉ። ቅሬታው ከቁስል የመጣ ነው፤ ጥቅሎቹ በምን መንገድ ከዋሻቸው እንደወጡ ስናስብ ማንም ሊያቃልለው አይችልም። ነገር ግን የቲቤት ሊቃውንት ራሳቸው የጥንቱንና የአዲሱን ቃል ለይተው የሚያስረዱ መዝገቦች ሲጽፉ ኖረዋል፤ ልዩነት እንዳለ አስቀድመው ያዩት እነርሱ ናቸው። በ20ኛው መቶ ዘመንም ገዳም ያሳደገው፣ የመጻሕፍቱን ቋንቋ እስከ ጥጉ የሚያውቀው ጌንዱን ቾፌል (1903–1951) የነገሥታቱን ታሪክ «ነጩ ታሪከ ዘመን» በተባለው ሥራው ሊጽፍ ሲነሣ ወደ ዱንኋንግ ሰነዶችና ወደ ሐውልቶቹ ዞረ። ትውፊቱን ንቆ ነው የሚለው ማን ነው? አያቶቹ በእጃቸው የጻፉትን ስላከበረ ነው።

ስለዚህ ጥንታዊው ቲቤትኛ የራሱ ሰዋስው፣ የራሱ መዝገበ ቃላትና የራሱ የትምህርት ሰዓት ይሰጠው። ቃሉ መጀመሪያ በተገኘበት ሰነድ፣ ቀጥሎ በዘመኑ ሌሎች ሰነዶች ይፈተሽ፤ የኋለኛው መዝገብ የሚጠየቀው ከዚያ በኋላ ነው። ሰነድ የሚያሳትም ሰው ምዪን ምዪ ብሎ ያትም፤ ግምቱን ከፈለገ ከሥር ያኑር። ዛሬ ሰበብ የለም፤ የፓሪስና የለንደን ጥቅሎች ምስል በኢንተርኔት ይታያል፤ ፊደል በፊደል የተገለበጡትን በጃፓን የተቋቋመ የመረጃ ቋት በነፃ ለመፈለግ ያስችላል። ቲቤትኛ ልትማሩ የምትነሡ ወጣቶች፣ ከቅዱሳት መጻሕፍቱ ጎን የ655ቱን ግቤት ከመጀመሪያው ዓመት አንሥታችሁ አንብቡ። አጭር ነው፤ ንጉሡ የት እንዳረፈ፣ ሚኒስትሩም ሕጉን እንደጻፈ ይነግራችኋል።